የጣሊያን ወይን አምራቾች ስለ ምን ያወራሉ?

ከጣሊያን ወይን አምራች ጋር ሊጫወት የሚቀመጥ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠብቀው ስለ ጣዕም እንዲነገረው ነው። ብርጭቆ እያዟዟሩ ማሽተት፣ «የእንጆሪ ሽታ አለው»፣ «የለፋ ቆዳ ይሸታል» መባባል። ይህ ወሬ አለ፤ ግን በአብዛኛው የሻጭና የገዢ ወሬ ነው። አምራቹ ራሱ ጨዋታው ሲሞቅለት የሚያነሳው ሌላ ነው፦ በረዶ የመታው ማሳ፣ ውሃ የማይዝ አፈር፣ ከአባቱ ጋር ያጣላው በርሜል፣ ለቀማ ሲደርስ የሚጠፋው የሰው ጉልበት። የገበሬ ወሬ ነው። ስለዚህ በትግራይ፣ ቁሓ አካባቢ ገብስ የሚዘራ፣ በለስ የሚለቅም ወይም ንብ የሚያነብ ሰው፣ ወይን በአፉ ዞሮ ባያውቅ እንኳ፣ ከዚህ ጨዋታ ግማሹን ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። እኔ የምሞክረው የቀረውን ግማሽ ማስረዳት ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ጉዳዩ የነሱ ስለሆነ።

ከመሬቱ እንጀምር፤ እነሱም የሚጀምሩት ከዚያ ነውና። ቁሓ የመቀሌ አንድ ክፍለ ከተማ ናት፤ ከመሃል ከተማው በስተምሥራቅ ወደ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,250 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አካባቢዋን ዞር ዞር ብሎ ያየ ሰው ሁለት ዓይነት ድንጋይ ያገኛል። አንዱ የመቀሌ ቤቶች የተሠሩበት ፈዛዛው የኖራ ድንጋይ ነው። የሥነ ምድር ባለሙያዎች የአንታሎ ኖራ ድንጋይ ይሉታል፤ ስሙ ከመቀሌ በስተደቡብ ካለችው ሕንጣሎ የመጣ ነው። ዛሬ ውሃ የሚናፈቅበት ይህ ደጋ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት የባሕር ወለል ነበር። ሁለተኛው ከምድር ውስጥ ቀልጦ ወጥቶ በኖራው መካከል የገባው ጥቁሩ ዶለራይት ነው።

እነዚህ ሁለት ድንጋዮች ጎን ለጎን ሲገኙ አንድ የጣሊያን አምራች ጆሮው ይቆማል። ከቬሮና ከተማ በስተምሥራቅ ሶዋቬ የሚባል ነጭ ወይን የሚመረትባቸው ኮረብታዎች አሉ፤ እዚያም አንዱ ማሳ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ጎረቤቱ ነጭ ኖራ ነው። በሰሜን ምዕራብ ፒየሞንቴ ውስጥ ዝነኛው ባሮሎ የሚወጣበት የላንጌ ኮረብታም ከጥንት ባሕር ወለል የተነሳ ኖራ የበዛበት ሸክላ አፈር ነው። አምራቾቹ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ያለችን ተረተር ከሌላዋ ለይተው በስም ይጠራሉ፤ ይህኛው ጠዋት ፀሐይ ያገኛል፣ ያኛው ከሰዓት፣ የታችኛው ጭጋግ ይተኛበታል እያሉ።

ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃቸዋል? ለም መሬት ለስንዴ በረከት ሲሆን ለወይን ግን ጥፋት ሊሆን ይችላል። ጥቁር፣ እርጥብ፣ የጠገበ አፈር ላይ የቆመ ወይን ጉልበቱን በቅጠልና በሐረግ ያፈሰዋል፤ ፍሬውም ውሃ ያዘለ ትልልቅ ይሆናል። ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ያለው ግን ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል፣ ቅጠሉ ይቀንሳል፣ ፍሬው ያንሳል። ፍሬ ሲያንስ ደግሞ ከጭማቂው አንጻር ልጣጩ ይበዛል፤ የቀይ ወይን ቀለምና ምላስ የሚይዘው ምረት የሚገኙት በዋናነት ከልጣጩ ነው። ኖራ ያለበት ሸክላ ከዝናብ የጠጣውን በበጋ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣል፤ ጥቁር ድንጋይ ቀን የበላውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። ነገሩ ይኸው ነው። ድንጋዩ ጣዕሙን በሥሩ በኩል አሳልፎ ብርጭቆ ውስጥ ያስገባል የሚሉ አምራቾችም አሉ። ይህን ግን የሥነ ምድር ሊቃውንት አይቀበሉትም፤ እኔም ደስ የሚል የሽያጭ ተረት አድርጌ ነው የምሰማው።

በቁሓና በመቀሌ ጣሊያን ሲነሳ ትዝ የሚለው ወይን አይደለም። በጥር 1896 በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ የተከበበው የጣሊያኑ መኮንን የጋሊያኖ ጦርና ውሃውን ያስያዙበት እቴጌ ጣይቱ ይነሳሉ፤ በ1935 መቀሌን የያዘው ጦር ይነሳል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሌላ ግንኙነት ነበር። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን አንድ ከግብፅ የተነሳ ግሪክኛ ጸሐፊ፣ ነጋዴ ሳይሆን አይቀርም፣ የቀይ ባሕርን ወደቦች እየዘረዘረ በየወደቡ ምን እንደሚሸጥ ጽፎ ትቷል። ስለ አዱሊስ ሲጽፍ ወደ አክሱም ግዛት ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል የሶርያዋ ሎዶቅያና የጣሊያን ወይን እንዳሉበት፣ መጠናቸውም ትንሽ እንደነበር ይናገራል። ያ ወይን የቤተ መንግሥት መጠጥ ሳይሆን አይቀርም። በአክሱም ሐውልቶች ግርጌ በተነጠፉት ድንጋዮች ላይ የግሪክ ዓይነት ባለ ሁለት እጀታ የወይን ጽዋ ተቀርጾ ይታያል። ቤተ ክርስቲያን ከመጣች በኋላ ደግሞ ወይን ከገበታ ወደ መቅደስ ገባ፤ ትኩስ ወይን በማይገኝበት አገር ዲያቆኑ ዘቢብ ዘፍዝፎ፣ ጨምቆ ለቅዳሴ ያቀርባል። የቁሓ ምእመን ወይንን የሚያውቀው ከሁሉ በፊት በዚህ መንገድ ነው።

ወደ ላንጌ ኮረብታዎች እንመለስ፤ በጣሊያን የወይን ጨዋታ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ታሪክ ያለው እዚያ ይመስለኛል። ዛሬ አንድ ሄክታር የባሮሎ ማሳ ዋጋው ከሚሊዮን ዩሮ በላይ ሊሆን ይችላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን አካባቢው የድሃ አገር ነበር። ኑቶ ሬቬሊ የተባለ የቀድሞ የፀረ ፋሺስት ተዋጊ የድምፅ መቅጃ ይዞ ላንጌ የሚገኝበትን የኩኔዮ አውራጃ ገበሬዎች ቤት ለቤት አነጋገረና በ1977 መጽሐፍ አድርጎ አወጣው። ርሃብ፣ ስደት፣ ጦር ሜዳ የቀሩ ልጆች፣ መሬቱን ትቶ ቶሪኖ ፊያት ፋብሪካ የገባ ትውልድ፤ የመጽሐፉ ነገር ይህ ነው። ቶስካና ወርደን ብናይም በፖስታ ካርድ ላይ የሚያምሩትን ኮረብታዎች ለዘመናት ያለሙት ምርቱን ከባለ መሬቱ ጋር እኩል የሚካፈሉ አራሾች ነበሩ። አዲስ የእኩል ውል እንዳይፈረም በሕግ የተከለከለው በ1964 ነው። ከ1967 ዓ.ም.ቱ (ይህ በኛ አቆጣጠር ነው) የመሬት አዋጅ በፊት የነበረውን የእኩልና የሲሶ አራሽ ኑሮ ከአባቱ የሰማ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር ኤልዮ አልታሬ የሚባል ወጣት ተነሣ። የላ ሞራ መንደር ገበሬ ልጅ ነው። በ1970ዎቹ ወደ ፈረንሳይ ቡርጎኝ ተሻግሮ የእሱን ያህል መሬት ያላቸው ሰዎች በወይን ሲከብሩ አየና ተመለሰ። ከዚያም አባቱን የሚያሳብዱ ሁለት ነገሮች አደረገ። አንደኛው፣ በበጋ መካከል ማሳው ውስጥ ገብቶ ገና ያልበሰሉ ጤነኛ ዘለላዎችን እየቆረጠ መሬት ላይ መጣል ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ግንዱ ሃያ ዘለላ ከሚያበስል ስምንቱን በደንብ ቢያበስል ይሻላል። ነገር ግን ርሃብ ላየ ሰው ፈጣሪ የሰጠውን ፍሬ አፈር ላይ መጣል ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የደረሰ እሸት ከማሳ ነቅሎ የሚጥል ልጅ ቁሓ ውስጥ ቢገኝ ሽማግሌ ይሰበሰብበት ነበር። እዚያም ቄሱ ሳይቀር እንደ ኃጢአት ቢቆጥረው አይገርምም።

ሁለተኛው የባሰ ነው። በ1983 አልታሬ የእንጨት መቁረጫ ሞተር መጋዝ ይዞ ጓዳ ገባና አባቱ ለዓመታት ወይን ያስቀመጡባቸውን ትልልቅ አሮጌ በርሜሎች ቆራረጣቸው። በምትካቸው ፈረንሳዮች የሚጠቀሙበትን፣ 225 ሊትር የሚይዘውን አዲስ ትንሽ የባሉጥ በርሜል አስገባ። አባቱ ከውርስ ነቀሉት፤ ሳይታረቁም ሞቱ። ልጁ በኋላ የቤተሰቡን መሬት ከእህቶቹ ላይ መግዛት ነበረበት። የእሱና የጓደኞቹ ወይን ግን አሜሪካ ድረስ ተፈላጊ ሆነ፤ በ2014 ስለነሱ ዘጋቢ ፊልም ተሠርቷል።

በዚያው ዘመን፣ ከላ ሞራ ብዙ ሳይርቅ፣ ባሮሎ መንደር ውስጥ ባርቶሎ ማስካሬሎ የሚባሉ ሌላ ሰው ነበሩ። እሳቸው ከአባታቸው አሠራር አንዲት ነገር ለመለወጥ እምቢ አሉ። ከአራት ማሳ የለቀሙትን አንድ ላይ ቀላቅለው በትልልቅ በርሜል ያቆዩ ነበር፤ «የዚህ ማሳ ብቻ» የሚለውን አዲስ ፋሽን አልተቀበሉትም። በእርጅናቸው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው፣ ለጠርሙሶቻቸው የሚለጠፍ ሥዕል በእጃቸው ይሥሉ ነበር፤ በ1999 አንዱ ላይ ትንሹን በርሜልና ፖለቲከኛውን ቤርሉስኮኒን በአንድነት የሚቃወም መፈክር ጻፉበት። በ2005 አረፉ፤ ቤቱን ልጃቸው ይዛዋለች።

ከሁለቱ ማን ልክ ነበር? የዛሬዎቹ አምራቾች ከሁለቱም ወስደዋል። ዘለላ መቀነሱ የተለመደ ሥራ ሆኗል፤ ትንሹ አዲስ በርሜል ግን ወይኑን ሁሉ አንድ ዓይነት የእንጨት ሽታ ይሰጠዋል ተብሎ ብዙዎች ወደ ትልቁ ተመልሰዋል። እኔን ብትጠይቁኝ በማሳው ጉዳይ ልጁ፣ በጓዳው ጉዳይ ሽማግሌው አሸንፈዋል።

ይህ ክርክር የሀብታም ቅንጦት እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። በ1986 የጸደይ ወራት በሰሜን ጣሊያን ርካሽ ወይን የጠጡ ከሃያ በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የዓይናቸው ብርሃን የጠፋም ነበሩ። ነጋዴዎች የአልኮሉን መጠን በርካሽ ለማሳደግ ሜታኖል ጨምረውበት ነበር። የውጭ ገበያው ወደቀ፤ ስንት ትውልድ በሊትር እየመጠኑ የሸጡት ወይን የሚጠረጠር ነገር ሆነ። ከዚያ በኋላ ነው ብዙው አምራች በብዛት ሳይሆን በስምና በጥራት ካልሸጥኩ እጠፋለሁ ብሎ የተነሳው። የቦታ ስም የሚያስጠብቀው ሕግ ከ1963 ጀምሮ ነበረ፤ ጥርስ ያወጣው ግን ከመርዙ በኋላ ነው ማለት ይቻላል።

ስለ ሕጉ በአጭሩ፦ የጣሊያን ጠርሙስ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የቦታ ስም ነው። ባሮሎ መንደር ነው፤ ወይኑ የሚሠራበት ዘር ኔቢዮሎ ይባላል። ኪያንቲ የቶስካና ኮረብታ ነው፤ ዘሩ ሳንጆቬዜ ነው። ዋስትና ያለው ከፍተኛው ደረጃ አንገቱ ላይ የመንግሥት ማኅተም ይለጠፍበታል። ባሮሎ ከለቀማው በኋላ ከሦስት ዓመት በላይ፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ 18 ወር በእንጨት ውስጥ ካልቆየ በዚያ ስም አይሸጥም። የኛው ጉደርም በከተማ ስም የሚጠራ ወይን ነው፤ ልዩነቱ ጣሊያን ውስጥ በከተማው ስም ለመጥራት ፍሬው በእርግጥ እዚያ መብቀሉን ማስመስከር ግድ መሆኑ ነው።

አሁን ለጠጅ ጣዮች የሚስማማው ሰው ጋ ደርሰናል። ዮሽኮ ግራቭነር የሚኖሩት ኦስላቪያ በምትባል፣ ከስሎቬኒያ ድንበር በምትዋሰን መንደር ነው። በ1980ዎቹ የማይዝግ ብረት ታንከርና አዲስ በርሜል አስገብተው የጣሊያን ምርጥ ነጭ ወይን ሠሪ ተብለው ነበር። በ1987 ካሊፎርኒያ ሄደው ወይን በቴክኖሎጂ ሲፈበረክ ካዩ በኋላ ግን የሚሠሩት አስጠላቸው። በ1996 በረዶ ማሳቸውን ሲያወድመው በተረፈችው ጥቂት ፍሬ አንድ ነገር ሞከሩ፦ የነጩን ወይን ጭማቂ እንደ ቀይ ወይን ከነልጣጩ ማፍላት። በ2000 ወደ ጆርጂያ ተጉዘው እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ የተቀበረ ትልቅ የሸክላ ጋን አዩ፤ በዚያ አገር ሰው ለሺህ ዓመታት ወይኑን የሚጥለው በዚህ ነው። ግራቭነርም ጋኖቹን አስመጥተው ጓዳቸው ወለል ውስጥ ቀበሯቸው። ፍሬው ከነልጣጩ ለወራት እዚያ ይቆያል፣ ከዚያ ወደ ትልቅ በርሜል ይዛወራል፤ ለገበያ የሚወጣው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ወይኑ ቀለሙ ወርቅማ ብርቱካን ነው። መጀመሪያ ጊዜ ተቺዎች አብደዋል አሏቸው፤ ዛሬ በብዙ አገር የሚኮርጃቸው ሞልቷል።

ጋን ለኛ የሙዚየም ዕቃ አይደለም። ማርና ውሃ በጥብጦ፣ ጌሾ ጨምሮ የሚጥል ሰው፣ ትግራይ ውስጥ ሜስ የሚጥሉ እናቶችም ጭምር፣ ግራቭነር ምን እንደሚፈልጉ ያውቃሉ። ሸክላው ሙቀቱን ያለዝበዋል፤ እርሾው ሳይጨመር በራሱ ይመጣል፤ ጣዩ ደግሞ በጆሮው ፍላቱን እያዳመጠ መቼ እንደሚያጠል ይወስናል። ልዩነት ያለው በጥሬ ዕቃው ነው። ወይን ስኳሩንም ውሃውንም አሲዱንም ይዞ ይወለዳል፤ ማር ግን ውሃ ይፈልጋል፣ መራራነቱንም ከጌሾ ይበደራል። የማር ሰው ግን እንደ ባሮሎ ሰው ቦታና ወቅት ይቆጥራል። የትግራይ ነጭ ማር ከክረምት ማብቂያ በኋላ ተበብ የሚባለው ተክል በሚያብብበት ሰሞን ይቆረጣል፤ ገበያ ላይ ገዢው የሚጠይቀው «ከየት ነው? የየትኛው ወር ነው?» ብሎ ነው። የቅርቡ የትግራይ ጦርነት ብዙ ቀፎ አጥፍቷል፤ ጥያቄው ግን አልጠፋም።

ታዲያ ወይኑን ራሱን ቁሓ ላይ መትከል ይቻላል? ብዙ ሰው ይህን ይጠይቃል። ወይን በጣሊያን ክረምት ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ የጸደይ ሙቀት ይቀሰቅሰዋል። በኛ ኬክሮስ እንዲህ ያለ ክረምት ስለሌለ ተክሉ እንቅልፍ አያውቅም፤ ባለቤቱ በመግረዝና ውሃ በመንሳት ማስተኛት፣ መልሶም በመቀስቀስ የለቀማውን ጊዜ እሱ ራሱ መወሰን አለበት። ባቱ ላይ፣ 1,650 ሜትር አካባቢ፣ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ መርሎ፣ ሲራና ሻርዶኔ ተክሎ ከ2014 ጀምሮ ወይን ወደ ገበያ ያወጣው በዚህ ዘዴ ነው፤ በተጨማሪ ማሳውን ከጉማሬ ለመጠበቅ ዙሪያውን ቦይ መቆፈር አስፈልጎታል። ቁሓ ከባቱ በ600 ሜትር ትበልጣለች። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ይህ ለአሲዱ ጥሩ ነው። ዝናቡ በሐምሌና በነሐሴ ስለሚጠቃለል ፍሬው በደረቅ ወራት እንዲበስል ማድረግ ይቻላል፤ ያኔ ሻጋታ ያንሳል። የሚጎድለው ያው የታወቀው ነው፤ በደረቁ ወራት የሚጠጣው ውሃ።

ከጣሊያን ቦታዎች ሁሉ ለቁሓ ገበሬ እንግዳ የማይሆንበት ኤትና ነው። በሲሲሊ ያለው ይህ እሳተ ገሞራ ላይ ወይን እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ይወጣል፤ በጥቁር ድንጋይ ያለ ሲሚንቶ በተካበ እርከን ላይ፣ እንደ ቁጥቋጦ ተገርዞ፣ በእንጨት ተደግፎ። ሳልቮ ፎቲ የሚባሉ ባለሙያ ይህን አሮጌ አሠራር ለማቆየት ያደራጁት የገበሬ ቡድን ስሙን የወሰደው በ1435 ካታንያ ውስጥ ከተቋቋመ የወይን ሠራተኞች ማኅበር ነው። እርከን ሲካብ የዋለ የትግራይ ሰው ከነዚህ ሰዎች ጋር ስለ ወይን ሳያነሳ ቀኑን ሙሉ ስለ ድንጋይ ማውራት ይችላል።

ከእርከኑ ጠርዝ ላይ ደግሞ በለስ በቅሏል። ሲሲሊያውያን ስለ በለስ የሚያውቁት አንድ ብልሃት አለ፤ ለቁሓ ከወይኑ ይልቅ ይህ የሚጠቅም ይመስለኛል። በግንቦት መጨረሻና በሰኔ የመጀመሪያውን አበባና ለጋ ፍሬ በሙሉ ያራግፉታል። ተክሉ እንደገና ያብባል፤ ሁለተኛው ፍሬ በመከር ወራት፣ ገበያው ላይ በለስ ባለቀበት ሰዓት፣ ተልቆና ጣፍጦ ይደርሳል። ነገሩ የተጀመረው አንድ ሰው በቂም የጎረቤቱን የበለስ አበባ ባራገፈ ጊዜ ነው ይባላል፤ ተረት ይሁን እውነት፣ ዘዴው ግን ዛሬ የደሴቲቱ የበለስ ንግድ መሠረት ነው። በትግራይ በለስ ክረምት ላይ በአንድ ጊዜ ስለሚደርስ ዋጋው ይወድቃል፣ ብዙውም ይበላሻል። የቁሓ ዝናብ ከሲሲሊ በተቃራኒ በበጋቸው ወራት ስለሚወርድ የማራገፊያው ጊዜ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህም አጥር ዳር ባሉ ጥቂት ተክሎች ላይ በተለያየ ሳምንት እያራገፉ ማየት ይበቃል፤ ቢከሽፍ የሚጠፋው የአንድ ክረምት የጥቂት ግንድ ፍሬ ነው።